እከክ፦ አንድ ስም፣ ብዙ መንስኤ
የበግና የፍየል ማሳከክ ከምን እንደመጣ ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ለምን ያከስራል?

“እከክ” የሚለው ቃል በእኛ ሥራ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው። አርቢው “ፍየሌን እከክ ያዛት” ሲል በዓይኑ የሚያየውን ይናገራል፤ ትታከካለች፣ ጠጉሯ ይረግፋል፣ ትከሳለች። የእንስሳት ሐኪሙ እከክ የሚለው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች የሚያመጡትን የቆዳ በሽታ ነው። የቆዳ ፋብሪካው ደረጃ መዳቢ ደግሞ እከክ የሚለው ጠጉሩ ከተነሣ በኋላ በሌጦው ፊት ላይ የሚታዩትን ጥቃቅን ጉብታዎች ነው። ሦስቱም አንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቦታ ባልሰጠነው። ችግሩ ቃሉ አንድ በመሆኑ መድኃኒቱም አንድ ይመስለናል። አርቢው መድኃኒት ቤት ሄዶ “የእከክ መርፌ ስጠኝ” ይላል፣ ሻጩም ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ለትክክለኛው ተባይ ከዋለ ሁሉም ደስ ይለዋል። ለሌላ ተባይ ከዋለ ግን ገንዘቡ ይጠፋል፣ እንስሳው መክሳቱን ይቀጥላል፣ በመጨረሻም “መድኃኒቱ የውሸት ነው” ይባላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አድላቢ ከሁለት ገበያ ሰብስቦ ያስገባቸው 30 ፍየሎች ክፉኛ እየታከኩ አስቸገሩት። አይቨርመክቲን በመርፌ ወጋቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገመው። ለውጥ የለም። እኔም ስጠየቅ በመጀመሪያ የጠረጠርሁት የመድኃኒቱን ጥራት ነበር። አብሮኝ የነበረው የእንስሳት ጤና ረዳት ግን አንዷን ፍየል ወደ ፀሐይ ወስዶ የጀርባዋን ጠጉር ከፈለ። ሰፋ ያለ ጭንቅላት ያላቸው ቡናማ ቅማሎች በብዛት ይሯሯጡ ነበር። እነዚህ ደም የማይመጡ፣ የቆዳን ፍርፋሪ የሚበሉ ቅማሎች ናቸው። በመርፌ የሚሰጥ አይቨርመክቲን በደም ውስጥ ስለሚዘዋወር ደም መጣጭ ቅማሎችን ጥሩ አድርጎ ይገድላል፤ ፍርፋሪ የሚበሉትን ግን በሚገባ አያገኛቸውም። መድኃኒቱ ደህና ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ስህተቱን ለማወቅ ያስፈለገው ደግሞ የ2 ደቂቃ ሥራና የፀሐይ ብርሃን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የ2 ደቂቃ ሥራ በሥርዓት ማሳየትና በብር ምን ያህል እንደሚያወጣ ማስላት ነው።

ከመድኃኒት በፊት አምስት ጥያቄዎች

1ኛ. በእርግጥ ያሳክካቸዋል? ቆዳ ላይ የሚታይ ቁስል ሁሉ አያሳክክም። የሚያሳክከው እንስሳ በአጥር፣ በግንድና በግድግዳ ይታሻል፤ ጎኑን በጥርሱ ይነክሳል፤ በኋላ እግሩ ይቧጥጣል፤ ሱፉ በጥርሱ እየተነቀለ ይንጠለጠላል። መንጋውን ሳይረብሹ ለሩብ ሰዓት ቆመው ይመልከቱ። ቁስል ወይም ቅርፊት እያለ እንስሳው የማይታከክ ከሆነ ሐሳብዎ ወደ ሌላ ይሂድ። በክረምት ጠጉርን እንደ ቀለም ብሩሽ አጣብቆ የሚይዝ ወፍራም ቅርፊት ዴርማቶፊሎሲስ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። በከንፈር ዙሪያ በተለይ በግልገሎች ላይ የሚወጣ ቅርፊት ኦርፍ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ የሚመለጥ ጭርት ሊሆን ይችላል። ከትኩሳት ጋር በመላ ገላ ላይ የሚወጣ እባጭ ደግሞ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለእነዚህ ሁሉ የተባይ መድኃኒት መግዛት ብር ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

2ኛ. ስንቱን ይዟል? አንድ እንስሳ ብቻ ከሆነ ጭረት፣ ቁስል ወይም ጭርት ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ በጥቂት ሳምንታት ብዙዎቹን ካዳረሰ ተባይ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

3ኛ. ገላው ላይ የት ጀመረ? ይህ ከሁሉም የበለጠ ፍንጭ የሚሰጥ ጥያቄ ነው። ከከንፈር፣ ከአፍንጫ፣ ከዓይን ዙሪያና ከጆሮ የሚጀምር ቅርፊት አንድ ነገር ይናገራል፤ ሱፍ ካለበት ትከሻና ጎን የሚጀምር ሌላ፤ ከእግር ታችኛው ክፍል የሚጀምር ደግሞ ሌላ። ዝርዝሩን ከዚህ በታች እናያለን።

4ኛ. መንጋው የት ነበር? ምን አዲስ ነገር ገባ? ደጋ ነው ወይስ ቆላ? ባለፈው ወር ከገበያ የገባ እንስሳ አለ? ለማራቢያ የተዋሱት አውራ አለ? በጋው ረዝሞ ከስተዋል? ቅማልና የእከክ ተባይ የሚበረቱት እንስሳት ተጨናንቀው ሲያድሩና መኖ ሲያንሳቸው ነው። ብዙ ጊዜ ማሳከኩ ያከሳቸዋል እንላለን፤ ክሳቱም ለተባዩ በር እንደሚከፍት ግን እንረሳለን።

5ኛ. ሰውንስ ያሳክከዋል? እረኛው፣ ፍየል የምታልበው እናት ወይም ከግልገሎች ጋር የሚጫወቱት ልጆች ክንዳቸውንና ሆዳቸውን የሚያሳክካቸው ከሆነ ቆዳ ውስጥ የሚቦረቡረው የእከክ ተባይ ወይም ቁንጫ ሊሆን ይችላል። የበግና የፍየል ቅማል ግን ሰው ላይ አይኖርም።

ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ

ቅማል። በግም ፍየልም የየራሳቸው ቅማል አላቸው። ሁለት ዓይነት እንደሆኑ ማወቅ ለመድኃኒት ምርጫ ወሳኝ ነው። ፍርፋሪ የሚበሉት ቡናማ ወይም ቀላ ያሉ፣ ጭንቅላታቸው ሰፊ የሆነና ፈጣኖች ናቸው። ደም መጣጮቹ ሰማያዊ ግራጫ፣ ጭንቅላታቸው ጠባብ፣ ቆዳ ላይ ተተክለው የሚቆዩ ናቸው። ሁለቱም ቅጫማቸውን ከጠጉር ጋር ያጣብቃሉ። መድኃኒት ቅጫሙን ስለማይገድል በሁለት ሳምንት ገደማ መድገም ግድ ነው። ቅማል ሙሉ ዕድሜውን የሚያሳልፈው እንስሳው ላይ ስለሆነ ጉረኖውን በመርጨት ብቻ አይጠፋም።

ክንፍ የሌለው የበግ ዝንብ። ባለሙያዎች ኬድ ይሉታል። ብዙ ሰው መዥገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ስድስት እግር ያለው፣ ደም የሚመጥጥ፣ ሱፍ ውስጥ የሚሯሯጥ ዝንብ ነው። የሚመቸው ብርድና ሱፍ ነው፤ ስለዚህ በደጋ በጎች ላይ እንጂ በቆላ ጠጉራም በጎች ላይ ብዙም አይገኝም። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ያደገ እጭ ብቻ ትወልዳለች። እጩ ወዲያው ቡናማ ሙሽሬ ሆኖ ሱፉ ላይ ይጣበቃል፤ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ይፈለፈላል። ብዙ መድኃኒቶች ሙሽሬውን አይገድሉትም። በመሆኑም ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ዙር ካልተሰጠ የመጀመሪያው ዙር ከንቱ ይሆናል። የሚሸለቱ በጎች ሲሸለቱ አብዛኛው ተባይ ከሱፉ ጋር ስለሚወጣ መድኃኒቱን ከሸለታ በኋላ መስጠት ያዋጣል።

የሚቦረቡረው እከክ። ሳርኮፕቲክ የሚባለው ይህ ነው። ተባዩ በዓይን አይታይም፤ ቆዳ ውስጥ ቦይ እየቆፈረ ይኖራል። ከፊት ይጀምራል፦ ከንፈር፣ አፍንጫ፣ የዓይን ዙሪያ፣ ጆሮ። በፍየል ላይ ወደ መላ ገላ ይስፋፋል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። ከባድ ሲሆን እንስሳው መብላት ትቶ ሊሞት ይችላል።

የሱፍ እከክ። ሶሮፕቲክ የሚባለው ተባይ አይቆፍርም፤ ከላይ ሆኖ ቆዳውን እያቆሰለ ቢጫ ፈሳሽና ቅርፊት ያስከትላል። በበግ ላይ ሱፍ ባለበት ትከሻ፣ ጀርባና ጎን ይጀምራል። ቁስሉን በጣትዎ ሲያኩለት በጉ ከንፈሩንና ምላሱን እያንቀሳቀሰ በአየር ላይ የሚያኝክ ከሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። ይህ ተባይ ከእንስሳው ገላ ውጭ በአጥርና በግንድ ላይ 2 ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል የታከመውን መንጋ ወደዚያው ጉረኖ ወዲያው መመለስ ዳግም ያስይዘዋል።

የእግር እከክ። ኮሪዮፕቲክ የሚባለው ብዙ ጊዜ በእግር ታችኛው ክፍልና በቆለጥ ከረጢት ላይ ይወሰናል። ጉዳቱ ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ ለማራቢያ የተያዘ አውራ ላይ ሲወጣ ግን መናቅ የለበትም።

ዴሞዴክስ። በፍየል ቆዳ ሥር እንደ ምስር ፍሬ ያሉ እባጮች ያወጣል፤ ሲጨመቁ እንደ አይብ ያለ ነገር ይወጣቸዋል። ፍየሏን ብዙም አያሳክካትም፤ ስለዚህ አርቢው አያስተውለውም። ጉዳቱ የሚታየው ሌጦው ሲለፋ፣ እባጮቹ የነበሩበት ቦታ ቀዳዳ ሲሆን ነው።

ቁንጫ። ግልገሎች በሚታጎሩበት ቤት ይበረታል። ቁንጫ አዋቂው ብቻ ነው እንስሳው ላይ የሚኖረው፤ እንቁላሉ ወደ መሬት ይወድቃል፣ እጩም የሚያድገው በጉረኖው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው። የግልገሉን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጠው ይመልከቱ፤ ነጥቶ ከሆነ ደሙ እያለቀ ነው። እዚህ ላይ እንስሳውን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ፍጉን ጠርጎ ማውጣትና ወለሉንም ማከም ያስፈልጋል።

ዓይን፣ ወረቀትና ምላጭ

መመርመር የሚጀመረው በዓይን ነው። ከመንጋው የሚታከኩትን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ የሚመስሉትንም ጨምሮ 5 ወይም 6 እንስሳ ይምረጡ። ፀሐይ ላይ አቁመው የአንገት፣ የትከሻ፣ የጎንና የጭን ጠጉር እስከ ቆዳው ድረስ በመክፈል በእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ይቆዩ። ቅማል ከብርሃን ስለሚሸሽ ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በትኩረት ይመልከቱ። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ጠጉሩን በማበጠሪያ ያበጥሩ። ወረቀቱ ላይ የወረደውን ጥቁር ፍርፋሪ በጥቂት ውኃ ያርጥቡት፤ ወደ ቀይ ቡናማ ቢፈታ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ማለት ነው።

በዓይን ምንም ካልተገኘና ቅርፊት ካለ ቀጣዩ እርምጃ የቆዳ ፍቅፋቂ ነው። ይህ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ከቁስሉ መሐል ሳይሆን ገና እየሰፋ ካለው ዳርቻ፣ ለሚቦረቡረው ተባይ ጥቂት ደም እስኪያቀረዝዝ ድረስ በምላጭ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የሚቦረቡረው ተባይ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚሆን አንድ ፍቅፋቂ ላይ አለመገኘቱ የለም ማለት አይደለም። ከ2 ወይም ከ3 እንስሳ፣ ከየእንስሳውም ከአንድ በላይ ቦታ መውሰድ ያስፈልጋል። ካልተገኘና ምልክቱ ሁሉ ወደዚያ የሚያመለክት ከሆነ ሐኪሙ እንደ ሙከራ አክሞ ውጤቱን ሊከታተል ይችላል። ይህ ግን ምክንያት ያለው ውሳኔ ነው፤ “የእከክ መርፌ ስጠኝ” ከማለት ይለያል።

ምርመራ ስንት ብር ያወጣል?

ብዙ አርቢ “ሐኪም ከምጠራ መድኃኒቱን ልሞክረው” ይላል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ስለዚህ እናስላው። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የገበያዎን ዋጋ ተክተው ያስሉት።

30 ፍየል አለዎት እንበል። የአንድ ዙር መድኃኒትና ጉልበት ለአንድ ፍየል 25 ብር ቢሆን አንድ ዙር 750 ብር፣ ሁለት ዙር 1,500 ብር ይሆናል። የባለሙያ ምርመራ ከትራንስፖርቱ ጋር 300 ብር ይፍጅ። ሳያስመረምሩ የገዙት መድኃኒት የተሳሳተ ከሆነ 1,500 ብሩ ይጠፋል። 300 ለ1,500 ሲካፈል አንድ አምስተኛ ነው። ትርጉሙም ይህ ነው፦ ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሳሳቱ ከሆነ እንኳ ምርመራው ወጪውን ይችላል።

ነገር ግን የጠፋው የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ዙር ጨርሶ አለመስራቱን እስኪረዱ አንድ ወር ያልፋል። በዚያ ወር እያንዳንዱ ፍየል መጨመር ከነበረበት ክብደት 1 ኪሎ ቢያጣ፣ የቁም ክብደት በኪሎ 150 ብር ቢሸጥ፣ ለ30 ፍየል 4,500 ብር ነው። ከመድኃኒቱ ጋር 6,000 ብር ይሆናል። 300 ለ6,000 ሲካፈል አንድ ሃያኛ ነው። ማለትም ግምትዎ ከ20 ጊዜ 19 ጊዜ ትክክል የሆነ ሰው ቢሆኑ እንኳ ማስመርመሩ አያከስርዎትም። ከዚህ በላይ የተዘረዘሩትን ተጠርጣሪዎች ተመልክቶ ከ20 ጊዜ 19ኙን በግምት አገኛለሁ የሚል ደፋር ጥቂት ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ፍየል ብቻ ላለው ቤተሰብ ስሌቱ ይለያል፤ የምርመራው ወጪ ለጥቂት እንስሳ ስለሚከፋፈል ይከብዳል። መፍትሔው ከጎረቤት ጋር ሆኖ በአንድ ቀን ማስመርመር ነው። ደግሞም የጎረቤት መንጋ በአንድ ውኃና በአንድ ግጦሽ እስከተገናኘ ድረስ አንዱ ብቻ አክሞ የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

መድኃኒቱን ለተባዩ ማዛመድ

ለሚቦረቡረው እከክና ለደም መጣጭ ቅማል በመርፌ የሚሰጥ አይቨርመክቲን ጥሩ ምርጫ ነው። 1 በመቶ የሆነው ምርት የተለመደው መጠን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ 25 ኪሎ ለምትመዝን ፍየል ግማሽ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለእከክ አንድ ጊዜ ብቻ መውጋት አይበቃም፤ እንደ ተባዩ ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ለሱፍ እከክ ድግግሞሹ በ7 ቀን ነው።

ፍርፋሪ ለሚበላ ቅማልና ለበግ ዝንብ ከላይ የሚደረግ መድኃኒት ይሻላል፤ እንደ ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን ያሉት ጀርባ ላይ የሚፈሱ ወይም የሚረጩ፣ አለዚያም እንደ ዳያዚኖን ያለ የመንከሪያ ገንዳ መድኃኒት። አሚትራዝ ለመዥገር፣ ለቅማልና ለእከክ ተባይ ይሠራል፤ ለፈረስ ቤተሰብ ግን አደገኛ ስለሆነ በዚያው ግቢ ላሉ አህያ፣ በቅሎና ፈረስ እንዳይደረግ።

የሚከተሉት ነጥቦች ለሁሉም ያገለግላሉ፦

የሚታከከውን ብቻ ሳይሆን መላውን መንጋ በአንድ ቀን ያክሙ። አንድ ሳይታከም የቀረ ወጠጤ መንጋውን መልሶ ያስይዛል።

ክብደትን በዓይን አይገምቱ። ሚዛን ከሌለ በቡድኑ ካሉት በጣም ከባዱን መጠን መነሻ ያድርጉ። አሳንሶ መስጠት ተባዩን ሳይገድል መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

የሚረጭ መድኃኒት እስከ ቆዳው ይድረስ። ከላይ ጠጉሩን ብቻ አርሶ መሄድ ለቅማሉ ዝናብ እንደ መጣል ነው።

ጓንት ያድርጉ፣ ነፋስን በጀርባዎ ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ። ዳያዚኖን የሰውን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ነው። የተረፈውን ውኃ ወንዝ ውስጥ አይድፉ፤ ዓሣም ንብም ይፈጃል።

ወተትና ሥጋ ለምግብ ከመዋሉ በፊት መጠበቅ ያለበትን የቀን ብዛት ከምርቱ ወረቀት ላይ ያንብቡ። አይቨርመክቲን ለሥጋ ሳምንታት የሚጠይቅ ሲሆን ወተታቸው ለሰው ለሚታለብ እንስሳት አይሰጥም።

ጉረኖውን የሚጠብቀው ውሻ

ግልገሎቹን አክመን ቁንጫው በሳምንት ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ያልታየው አንድ እንስሳ አለ። ጉረኖው ደጃፍ ላይ የሚተኛው ውሻ ነው። ውሻንና ግልገልን የሚያጠቃው ቁንጫ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

ውሻ ሲታከክም አካሄዱ ያው ነው፤ የት እንደሚታከክ ይመልከቱ። ወገቡንና የጅራቱን ሥር የሚነክስ ከሆነ መጀመሪያ ቁንጫን ይጠርጥሩ፤ የእርጥብ ወረቀቱ ሙከራ ለውሻም ይሠራል። የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና ሆዱ ከተመለጠና እያንገበገበው ከታከከ የሚቦረቡረው እከክ ሊሆን ይችላል፤ የጆሮውን ጠርዝ በጣት ሲያሹት የኋላ እግሩ የማከክ እንቅስቃሴ ቢጀምር ጥርጣሬው ይጠነክራል። በቡችላ ላይ ብዙ ሳያሳክክ የሚመልጥ ከሆነ ዴሞዴክስ ይሆናል። አለርጂ የሚባለው የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ ነው።

የከብትና የፍየል አይቨርመክቲንን ለውሻ በግምት መውጋት ግን አይገባም። መድኃኒቱ ለትልቅ እንስሳ ተብሎ የተዘጋጀ በመሆኑ ለትንሽ ገላ መጠኑ በቀላሉ ይበዛል፤ ኮሊን የመሰሉ አንዳንድ የውሻ ዝርያዎችም በተፈጥሯቸው ሌላው የሚችለውን መጠን አይችሉም። ለውሻ የተዘጋጀ መድኃኒት በባለሙያ ምክር ይሰጠው።

ሌጦው ላይ የሚቀረው ምልክት

አሁን ወደ ፋብሪካው እከክ እንመለስ። ደረጃ መዳቢው የሚያያቸው ጥቃቅን ጉብታዎች በዓለም ገበያ ኮክል ይባላሉ። ጉብታዎቹን የሚያወጣው የእንስሳው የራሱ ሰውነት ለተባዩ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። በኒውዚላንድ በጎች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ጉብታውን ከፍርፋሪ በል ቅማል ጋር አያይዘውታል፤ በእኛም አካባቢ ቅማልና የበግ ዝንብ ዋነኞቹ ተጠያቂዎች ናቸው። ምላሹ አለርጂ ስለሆነ ብዙ ቅማል አያስፈልግም፤ አርቢው ያላስተዋላቸው ጥቂት ቅማሎች ሌጦውን ሊያበላሹት ይችላሉ። ጠጉሩ እስካልተነሣ ድረስም ማንም አያየውም። ገዢው ጥሩ መስሎት የገዛው ሌጦ ፋብሪካ ውስጥ ደረጃው ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ሌጦ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። የባቲ ፍየል ሌጦ እንዲሁም ለጓንት የሚፈለገው የደጋ በግ ሌጦ በነጋዴው ዘንድ በስማቸው ይታወቃሉ። ያም ሆኖ ባለፉት ዓመታት በበዓል ሰሞን የበግ ሌጦ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ሲጣል አይተናል። ለዚህ የዓለም ገበያና የሰው ሠራሽ ቆዳ ፉክክር ድርሻ አላቸው፤ የራሳችን የጥራት ጉድለትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር ያለብን አንድ ነገር አለ። ቅማሉን ለማጥፋት የሚከፍለው አርቢው ነው፤ በንጹሕ ሌጦ የሚጠቀመው ግን ፋብሪካው ነው። አርቢው እንስሳውን የሚሸጠው በቁሙ ስለሆነ ለሌጦው ንጽሕና የሚጨመርለት ብር የለም። “ለአገር ኢኮኖሚ ሲባል ቅማል አጥፋ” ብሎ መምከር ስለዚህ ብዙ ርቀት አይወስድም። በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች በተካሄዱት የውጭ ተባይ መከላከል ዘመቻዎች ወጪውን መንግሥት መሸከሙ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ዘመቻ ሲቆም ግን ቅማሉ ይመለሳል።

ለአርቢው መነገር ያለበት ለራሱ የሚቀረው ጥቅም ነው፦ የሚጨምረው ኪሎ፣ የሚተርፈው ግልገል፣ በገበያ ቀን “ይህማ ታማሚ ነው” ብሎ ዋጋ የሚቆርጥ ደላላ አለመኖሩ፣ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ ቄራዎች ወይም በጅቡቲና በበርበራ በኩል ለሚላክ እንስሳ በምርመራ ላይ ተነጥሎ አለመቅረቱ። ፋብሪካው ደግሞ ንጹሕ ሌጦ ከፈለገ ወይ በሌጦ ነጋዴው በኩል በደረጃ እየለየ ይክፈል፣ ወይም ለአርቢዎች ማኅበራት የመድኃኒቱን ወጪ ይጋራ። ከሁለቱ አንዱ እስካልሆነ ድረስ ጉብታው ይቀጥላል።

መቼ ይጀመር?

ለበዓል ገበያ የሚያደልቡ ከሆነ እንስሳውን ባስገቡበት ሳምንት ይመርምሩ፤ ከነባሩ መንጋ ለይተው ቢያንስ ለ2 ሳምንት ያቆዩ። ሌጦ ላይ የወጣው ጉብታ ተባዩ ከጠፋ በኋላም ለመጥፋት ብዙ ሳምንታት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱም ከሥጋ ለመጽዳት ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱም የሚያመለክቱት አንድ ቀን ነው፦ ሕክምናው ከሽያጩ ከ2 እስከ 3 ወር ቀድሞ ይጠናቀቅ። በሽያጩ ሳምንት የሚወጋ መርፌ ለአርቢውም፣ ለበላተኛውም፣ ለሌጦውም አይረባም።

በሚቀጥለው ጊዜ ፍየልዎ አጥር ላይ ስትታሽ ካዩ ወደ መድኃኒት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት ወደ ፀሐይ ያውጧትና ጠጉሯን ይክፈሉ። ያገኙትን በጨው ብልቃጥ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። “የእከክ መርፌ ስጠኝ” ከማለት ይልቅ “ይኸን የሚገድል ስጠኝ” የሚል ደንበኛ ገንዘቡን አያባክንም።